ሪዳያሉ እምቢ ሲል

ደሴ ፒያሳ የመስመር ስልክ ስጠግን ብዙ የምሰማው «ሪዳያሉ (የመጨረሻውን ቁጥር መልሶ የሚደውለው ቁልፍ) ሞተ» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም።

መጀመሪያ ቁጥሩን በእጃችሁ ደውሉት። እንዲያም ካልወጣ ጣጣው ምናልባት መስመሩ ላይ ነው፤ ስልኩን አትፍቱት። በእጅ ወጥቶ በሪዳያል እምቢ ካለ ድንጋዩን እዩ። ድንጋይ የሚበላ ስልክ፣ ድንጋዩ ሲደክም ቁጥር ይረሳል።

ባለፈው አንዲት እናት ከኮምቦልቻ ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ስጫነው ዝም ይላል» አሉኝ። ስፈታው ቁልፉ ላስቲክ ስር ሻይ ከነስኳሩ ደርቋል። ጥቁሯን የካርቦን ነጥብ አልኮል በነካ ጥጥ ቀስ ብዬ ጠረግኳት። እናንተም ከሞከራችሁ አትፋቁ! ካርቦኑ ከተላጠ ቁልፉ አለቀለት። ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ የመስመሩን ገመድ ንቀሉ፤ ድንገት ከተደወለ ይነዝራል።

መስመር ሲያዝ ራሱ እየደጋገመ የሚደውለው የስልክ ዓይነት የሚሰማው «ቱ ቱ ቱ» የሚለውን የተያዘ መስመር ድምፅ ነው። በሰው ድምፅ «ተይዟል» ከተባለ ሰው ያነሳ ይመስለውና ያቆማል። ይሄ ብልሽት አይደለም።

የመሥሪያ ቤት ስልክ ላይ ለውጭ መስመር 9 የሚጫን ከሆነ፣ ሪዳያል መስመሩ ሳይመጣ የአካባቢውን ኮድ 033ን ያንደቀድቀዋል። መጀመሪያ በእጅ ስትደውሉ ከ9 ቀጥሎ «ፖዝ» (ትንሽ የሚያስጠብቀውን ቁልፍ) ተጫኑ፣ ከዚያ ቁጥሩን ጨርሱ።