የኦንላይን ኮርሳችሁ አልሄድ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

የሂሳብ አያያዝ ኮርስ በኦንላይን የማስተምረው ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ተማሪዎቼ የሰፈሬ፣ የቱሉ ዲምቱና የገላን ልጆች ናቸው። ቀን ይሠራሉ፤ ማታ በስልካቸው ይማራሉ።

ምልክት፦ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም አለ፤ በሦስተኛው ማንም የለም።
ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ሁሉንም ትምህርት በዙም ቀጥታ ስለምንሰጥ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ተማሪው ገና የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ቤት ሲደርስ ደግሞ መብራት ሊጠፋ ይችላል።
መፍትሄ፦ ትምህርቱን በአጫጭር ቪዲዮ ቆራርጣችሁ ቴሌግራም ላይ ጫኑት። ዳታ ለሌለው ድምፅና ጽሑፍ ጨምሩ። ቀጥታ የምትገናኙት በሳምንት አንዴ ይሁን፤ እሱም ለጥያቄ ብቻ።

ምልክት፦ ፈተና ያልፋሉ፤ ደረሰኝ ስትሰጧቸው መመዝገብ ያቅታቸዋል።
ኮርሱን ያዘጋጀነው የመጽሐፉን ምዕራፎች ተከትለን ስለሆነ ነው። ከመጨረሻው ጀምሩ። አሜሪካዊዎቹ የትምህርት ባለሙያዎች ዊጊንስና ማክታይ እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተዋወቁት መንገድ ይሄ ነው፦ ተማሪው በመጨረሻ ምን መሥራት አለበት? መቻሉን በምን አያለሁ? ትምህርቱ የሚዘጋጀው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ «የአንድ ሱቅ ደረሰኞችን ተቀብሎ የወሩን ሂሳብ ይዘጋል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ ጋር የማይገናኘውን ሁሉ አወጣሁት።

ምልክት፦ ፕሮጀክት ስትሰጡ ጀማሪዎቹ ድምፃቸው ይጠፋል።
ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በፕሮጀክት ማስተማር መልካም ስም አለው፤ ለጀማሪ ግን ይከብዳል። አውስትራሊያዊው ምሁር ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንዳስረዳው፣ አእምሯችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር ነው። ዴቢትና ክሬዲት (የሂሳብ መዝገቡን ግራና ቀኝ ጎን) ገና ያልለየ ሰው መልስ ፍለጋ ላይ አቅሙ ያልቃል፤ ለመማር የሚተርፈው የለም።
መፍትሄ፦ መጀመሪያ ከሀ እስከ ፐ ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ አሳዩ። በሁለተኛው ምሳሌ የመጨረሻውን እርምጃ ባዶ ተዉት። በሦስተኛው ሁለት እርምጃ ይሞሉ። ፕሮጀክቱ ከዚያ ይምጣ። ሥራውን የሚያውቅ ተማሪ ካለ ግን ምሳሌው ያሰለቸዋል፤ በቀጥታ ፕሮጀክቱን ስጡት። ለዚህ ነው በምዝገባ ቀን አንድ ትንሽ ጥያቄ አሠርቼ የምለያቸው።

ምልክት፦ ኮርሱ ወራት ፈጀ፤ እስካሁን አልወጣም።
ትንተና፣ ንድፍ፣ ዝግጅት፣ ትግበራ፣ ግምገማ የሚለውን የኮርስ አዘገጃጀት ቅደም ተከተል አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አልነካም ብላችሁ ይሆናል። ይህ አካሄድ እ.ኤ.አ. በ1975 ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአሜሪካ ጦር ሥልጠና ከተዘጋጀ ሥራ የመጣ ነው። ብቻውን ለሚሠራ መምህር ይረዝማል። አንድ ትምህርት ብቻ ሠርታችሁ ሦስት ጎረቤቶች በስልካቸው እንዲከፍቱት አድርጉ። አጠገባቸው ተቀመጡና የት ላይ እንደሚቆሙ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ።