«ኅብረተሰቡ 20 በመቶ ያዋጣል»፦ ለገጠር ልማት ገንዘብ ስትጠይቁ የማትሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር ሁለት ወጣቶች የፕሮጀክት ጽሑፋቸውን ይዘው መጡ። ለትውልድ ቀበሌያቸው የመጠጥ ውኃ ለማስገባት ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ደክመውበታል። እኔ ልማዴ ሆኖ መጀመሪያ የበጀቱን ገጽ ገለጥኩ። ከታች «የኅብረተሰብ መዋጮ 20 በመቶ» ይላል። «ይህን ለቀበሌው ሰው ነግራችኋል?» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። «ገንዘቡ ሲፈቀድ እንነግራቸዋለን» አለኝ አንዱ።

ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠን አወራን። ያወራነው ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ሰውን ሳይጠይቁ በጉልበቱ መፈረም

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ብዙ ገንዘብ ሰጪዎች ኅብረተሰቡም የራሱን ድርሻ እንዲያዋጣ ይፈልጋሉ። ትክክል ናቸው። ችግሩ አጻጻፉ ላይ ነው። ጸሐፊው ጠቅላላውን ወጪ ይደምራል። 1,000,000 ብር ሆነ እንበል። ከዚያ 200,000ውን ነጥሎ «ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ጉልበት» ይልና ያስቀምጠዋል። ቁጥሩ ከወረቀቱ ተነሥቶ ወደ ሰው ሄደ እንጂ ከሰው ተነሥቶ ወደ ወረቀቱ አልመጣም። ድንጋዩን የሚሸከመው ሰው ምንም አያውቅም። ይህ በሌላ ሰው ስም ብድር እንደ መፈረም ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ደጋ ቀበሌ የሆነውን ልንገራችሁ። አብሬው እሠራ የነበረው ማኅበር 25 በመቶ መዋጮ ጽፎ ነበር። ውሉ የተፈረመው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ለገበሬው የተነገረው ደግሞ ሰኔ ውስጥ፦ እያንዳንዱ አባወራ ስምንት ቀን ቦይ ይቆፍራል ተባለ። ሰኔ እኮ ነው! በሬውም ሰውዬውም እርሻ ላይ ናቸው። ስብሰባው ላይ አንድ አባት ብድግ አሉና «ልጄ፣ ውኃ አንፈልግም አላልንም። ግን ቀኑን ማን ቆረጠልን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥቂት ሰዎች እየከፋቸው መጥተው የጀመሩት ቦይ በክረምቱ ዝናብ ተደረመሰ። ጥቅምት ላይ እንደ አዲስ ተጀመረ። ሥራው ሳያልቅ የፕሮጀክቱ ጊዜ አበቃ፣ የቀረውም ገንዘብ ተመለሰ። ያ ቀበሌ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያለ ውኃ ቆየ።

ደግሞ የገጠር ሰው ማዋጣት አያውቅም እንዴ? ደቦና ወንፈል ያለው፣ በእድር የሚተዳደር ሕዝብ ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ተደራጅተው ገንዘብ በማዋጣት ወደ ገጠራቸው መንገድ ማውጣት ጀምረዋል። ቀድሞ የተጠየቀና የወሰነ ሰው ያዋጣል።

በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ይካሄድ የነበረው የገጠር ውኃ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ አሠራሩን ቀየሩ። ገንዘቡ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በኩል እንዲሠራበት ከማድረግ ይልቅ፣ በያኔው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ በኩል በቀጥታ ለቀበሌው የውኃ ኮሚቴ እንዲደርስ አደረጉ። ሲሚንቶ የሚገዛውም ግንበኛ የሚቀጥረውም ኮሚቴው ሆነ። ሕዝቡ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ቀድሞ መቆጠብ ነበረበት። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኮዋሽ በሚባለው ፕሮጀክት አሠራሩ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ። የሕዝብ መዋጮ ማለት ይህ ነው። ገንዘቡንም ውሳኔውንም ሕዝቡ ይዟል።

ስለዚህ ጽሑፉን ሳትጀምሩ ስብሰባ ጥሩ። በበጋ ይሁን፣ አውድማ ከተነሣ በኋላ። ሴቶቹን ለብቻ ጠይቁ፤ ውኃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው፣ ወንዶቹ በተቀመጡበት ደግሞ ብዙዎቹ አይናገሩም። ከዚያ አብራችሁ አስሉ። 150 አባወራ እያንዳንዱ 4 ቀን ቢወጣ 600 የሥራ ቀን ነው። በቀበሌው የቀን ሠራተኛ 300 ብር የሚከፈለው ከሆነ መዋጮው 180,000 ብር ይሆናል። አቅመ ደካሞችንና ሕፃን የያዙ እናቶችን ከቁፋሮው አውጡ። የተስማሙበትን ወር ጻፉ። በቃለ ጉባኤ አስፈርሙና ከማመልከቻው ጋር አያይዙት። 20 በመቶ ካልሞላ 14 ብላችሁ ጻፉ። በእውነተኛ 14 በመቶ የተከለከለ ሰው አይቼ አላውቅም። በውሸት 25 የወደቁትን ግን ብዙ አይቻለሁ።

ከብቱን መርሳት

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። ምንጭ እናጎለብት ነበር። በጀቱ አልበቃ ሲል አንድ ነገር መቀነስ ነበረብኝ። የከብት ማጠጫ ገንዳውን ሰረዝኩት። «ፕሮጀክቱ የሰው ውኃ ነው» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ምንጩ በሲሚንቶ ታጥሮ፣ ቧንቧ ተገጥሞለት ተመረቀ። በስድስተኛው ወር ስሄድ ግንቡ በድንጋይ ተሰብሯል። ተናድጄ «ማን ነው ያጠፋው?» አልኩ። አንዲት እናት ረጋ ብለው «ከብቶቹ የት ይጠጡ ልጄ?» አሉኝ። ድሮ ከብቱ እዚያው ምንጩ ሥር ነበር የሚጠጣው። እኔ ዘጋሁበት። ሰዎቹ ጥፋተኛ አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፕሮጀክት ሳይ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ቦታው ዛሬ ለምን ያገለግላል? ባዶ መሬት የሚባል ነገር የለም። ወይ ግጦሽ ነው፣ ወይ የአንድ ሰው መተላለፊያ ነው፣ ወይ በክረምት ጎርፍ የሚያልፍበት ነው።

በፈረንጅ የበጀት ዓመት ማቀድ

የገንዘብ ሰጪው ዓመት ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ጥር ይጀምራል። የመንግሥታችን ሐምሌ 1 ነው። ዝናቡ ደግሞ ሁለቱንም አይጠይቅም። የጊዜ ሰሌዳችሁን ከክረምቱ ጀምራችሁ ሥሩት። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሐምሌ ላይ የገጠር መንገድ ገብቶ አይወጣም። ሐምሌ ላይ የሚተከል ችግኝ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ መፍላት ያለበት ከወራት በፊት ነው። ግንቦት ላይ ገንዘብ ተቀብሎ «በዚህ ክረምት 50,000 ችግኝ እንተክላለን» ያለ ሰው ሲጨነቅ አይቻለሁ። መጨረሻ ላይ ከሌላ ቦታ በውድ የተገዛ፣ ለአየሩ የማይስማማ ችግኝ ተተከለ።

ሌላም አለ። ኦርቶዶክስ በሚበዛበት አካባቢ በ12፣ በ19፣ በ21፣ በ23፣ በ27 አይታረስም፣ አይቆፈርም። እሑድ አለ። ገበያም አለ። በወር 26 የሥራ ቀን ብሎ የጻፈ ሰው ገጠሩን አያውቀውም ማለት ነው።

የዋጋ ለውጥን አለማሰብ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ተወሰነ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከ100 ብር አለፈ። በብር ውል የነበራቸው ፕሮጀክቶች የዕቃ ዋጋ ሲንር ገንዘባቸው እንዳልበቃቸው የሠራ ሰው ያውቀዋል። ውላችሁ በምን ገንዘብ እንደሆነ፣ ልዩነት ቢመጣ ማን እንደሚሸከም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። በደብዳቤ ይሁን። 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስም እየረሳችሁ ነው፤ የሲሚንቶና የብረት ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ስትይዙ ዋጋው ታክሱን ይጨምር አይጨምር እዩ።

ለአሸዋ ደረሰኝ መፈለግ

ከተማ ውስጥ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ መግዛት ቀላል ነው። ገጠር ግን አሸዋውን የሚሸጥላችሁ ገበሬ ነው። አህያ የሚያከራያችሁም ገበሬ ነው። ደረሰኝ የለውም። አንድ ጊዜ ኦዲተር መጥቶ የአሸዋና የጭነት ሒሳባችንን በሙሉ አልቀበልም አለ። ገንዘቡ በትክክል ተከፍሏል፣ አሸዋውም ግንቡ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ግን የለም። መፍትሔው ቀድሞ መነጋገር ነው። የከፋይ፣ የተቀባይና የሁለት ምስክር ፊርማ ወይም አሻራ ያለበት፣ ቀበሌው ማኅተም ያሳረፈበት የክፍያ ቅጽ ይበቃ እንደሆነ ገንዘብ ሰጪውን ጠይቁ። እሺ ካለ በውሉ ውስጥ ይግባ።

ሁሉንም የሚከፍል ገንዘብ ሰጪ አለ ብሎ ማመን

የጃፓን ኤምባሲ ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው አነስተኛ ድጋፍ ክፍል ይገነባል፣ ውኃ ያስቆፍራል፤ ደመወዝና የዕለት ተዕለት ወጪ ግን አይከፍልም። የዓለም አካባቢ ፋሲሊቲ አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ ፕሮግራም ለረጅም ዘመን ለአንድ ፕሮጀክት የሚሰጠው ቢበዛ 50,000 ዶላር ነበር። ለእሱ የ300,000 ዶላር ጽሑፍ ማስገባት የራስን ጊዜ ማቃጠል ነው። መመሪያውን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት።

አዲስ ድርጅት ለማቋቋም መሮጥ

ገንዘብ አለ ሲባል ወዲያው አዲስ ስም፣ አዲስ ማኅተም። ቀበሌው ውስጥ ግን 40 ዓመት የቆየ እድር አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። እድር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሥር አይወድቅም፣ ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ሰጪ በቀጥታ ላይሰጠው ይችላል። ከተመዘገበ ድርጅት ጋር አጣምሩት። ድርጅቱ ገንዘቡን ይቀበል፣ እድሩ ሰውን ያስተባብር። እድሩ ያለውን አመኔታ አዲሱ ማኅተም በአምስት ዓመትም አያገኘውም።

ማቋቋም የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ በዚሁ አዋጅ አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ እንደሌለበት እወቁ። መስክ ላይ ሥራውን በቀጥታ የሚሠራው ባለሙያ ደመወዝ የፕሮጀክት ወጪ ነው፣ የቢሮ ኪራይ ግን አስተዳደራዊ ነው፤ አንድ ቋት አይደሉም። ለያይታችሁ ጻፉ።

ከምረቃው በኋላ ያለውን ቀን አለማሰብ

ይህ በተለይ ውጭ አገር ላሉት ወገኖቻችን ነው። በዋሽንግተንም በአውሮፓም ያሉ የአንድ አካባቢ ልጆች ተሰብስበው፣ እራት አዘጋጅተው፣ ላባቸውን ለትምህርት ቤት ሲሰጡ አይቻለሁ። ልቤ ይነካል። ከዚያ አራት ክፍል ይገነባል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ አስተማሪ የለም። ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ ያዙ፦ መምህራን እንደሚመድብ፣ ደመወዛቸውንም በጀቱ ውስጥ እንዳስገባ የሚገልጽ። ወረዳው ይህን ደብዳቤ መጻፍ ካመነታ፣ ያ ራሱ መልስ ነው። ገንዘቡን ባለው ትምህርት ቤት ለወንበርና ለመጸዳጃ ቤት አውሉት።

የእጅ ፓምፕም እንደዚሁ። አፍሪዴቭ ለመንደር ሰው እንዲጠገን ተደርጎ የተሠራ ፓምፕ ነው። የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ትንሽ የጎማ ዕቃ ነው። ያቺ ጎማ የት ትገዛለች? ገንዘቡን ማን ይዟል? የመፍቻ ቁልፉስ ማን ጋ ነው? ሦስቱንም በስም ጻፉ። እኔ ቁልፉ ሴቶች ጋ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ፓምፑ ሲቆም ሩቅ የሚሄዱት እነሱ ስለሆኑ ነገ አይሉም።

በአንድ ገንዘብ ሰጪ ላይ መንጠልጠል

ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ስንት ቢሮ በሳምንት ውስጥ እንደተዘጋ አይታችኋል። ጎበዝ የሆኑ ልጆች እቤታቸው ተቀመጡ። ትንሽም ቢሆን ሁለተኛ ምንጭ ይኑራችሁ፤ የአባላት ወርኃዊ መዋጮም ምንጭ ነው።

ከሌላ ወረዳ ጽሑፍ መገልበጥ። ይህን ማብራራት አልፈልግም፤ የሌላው ወረዳ ስም ገጽ 9 ላይ ቀርቶ ይገኛል።

ሪፖርት ላይ ችግርን መደበቅ

ከ50,000 ችግኝ 31,000ው ከጸደቀ 31,000 ብላችሁ ጻፉ። የቀረው ለምን እንደደረቀም ጻፉ። ከብት ገብቶበት ነው? ዝናቡ ቀድሞ አቁሞ ነው? ዝርያው ለቆላ ሆኖ ነው? ገንዘብ ሰጪው ሊጎበኝ ይመጣል፣ ዛፍ ደግሞ አይደበቅም። እኔ የመጀመሪያውን ትልቅ ድጋፍ ያገኘሁት የከሸፈ ሥራ በሐቅ ከዘገብኩለት ሰው ነው። በቀጣዩ ዓመት ራሱ ደውሎ «ያንን ቦታ አሁን ብታጥሩት ምን ያህል ይፈጃል?» አለኝ።

ሁለቱ ወጣቶች ጽሑፋቸውን ይዘው ተመልሰዋል። የቀበሌው ስብሰባ ለመድኃኔዓለም ተቀጥሯል፤ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ይገኛል። ማመልከቻው የሚዘጋው ግን በ20 ነው። ይህኛው ዙር ያልፋቸዋል። ደውዬ «አልቆጫችሁም?» አልኳቸው። ትልቁ «ቆጭቶናል፣ ግን ለሚቀጥለው እናስገባለን፤ መጀመሪያ ሰዎቹን እንስማ» አለኝ። ገንዳውንም በጀት ውስጥ እንዳይረሳ አደራ ብዬዋለሁ።