ትንሿን ዴስክቶፕ ዓይንን ገልጦ መግዛት

«እናት፣ ኮር አይ ፋይቭ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂው» አለኝ ሻጩ። ጨፍኜ ወሰድኩት። ቤት ገብቼ ሳየው ለካ አራተኛ ጄኔሬሽን ኖሯል! የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ከፍቼ ኤክሴል ስጨምርበት ያቃስታል። ልጄ ዩቲዩብ ከከፈተማ ጭራሽ ይተኛል። ከዚያ ወዲህ ለራሴ፣ ለእህቴና ለሁለት ጎረቤቶቼ መርጬ ገዝቻለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። የማውቀው ተቃጥዬ የተማርኩትን ነው።

የማወራው ከቢሮ ወጥተው ስለሚሸጡት ትንንሽ ዴስክቶፖች ነው፤ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ የኤችፒ ሚኒ፣ የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ። ጎናቸው 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቡፌ ላይ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣሉ።

«ኮር አይ ፋይቭ» የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ስም ነው፤ ትውልዱን (ጄኔሬሽኑን) ሳታውቁ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጠይቁ። 6500 ካለ ስድስተኛ ጄኔሬሽን፣ 8500 ካለ ስምንተኛ ነው። የኔ ጉደኛ 4590 ነበር። መጨረሻው ላይ «ቲ» የምትል ፊደል ብታዩ አትደንግጡ፤ 35 ዋት የሆነው ቆጣቢ ዓይነት ነው ማለት ነው። እኔ አሁን ከስምንተኛ በታች አልገዛም። አንደኛ፣ 6500 ባለ አራት ኮር (ሥራ የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ሲሆን 8500 ስድስት አለው። ሁለተኛ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። ሻጩ ስድስተኛው ላይ ጭኖ ሊያሳያችሁ ይችላል። በአቋራጭ ይጫናል፤ ግን ነገ አፕዴት እምቢ ቢል ማንን ትጠይቃላችሁ?

ከዚያ ዲስኩ። «500 ጊጋ አለው» ሲሏችሁ ብዙ ጊዜ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ለቤት አገልግሎት 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ፣ በስንት ጣዕሙ። ቀድሞ በርቶ የጠበቃችሁን ኮምፒውተር አትመኑ። አስዘጉትና ፊታችሁ ይነሣ፤ በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። ደቂቃ ካለፈ አንድ ነገር አለ። እኔ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፤ መጫን የማያስፈልገውን ዓይነት። የዲስኩን ጤናና ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል። ለጎረቤቴ ልገዛ ስል «ብዙም ያልተሠራበት ነው» ተብዬ ሳስገባው ከ26 ሺህ ሰዓት በላይ አሳየኝ። ሦስት ዓመት ሌት ተቀን! ለሻጩ ስክሪኑን አዞርኩለት። ምንም አላለም፤ ዋጋውን ቀነሰ። ባወረደው ገንዘብ አዲስ ኤስኤስዲ አስገባንበት።

ራም፣ ኮምፒውተሩ የከፈታችሁትን ሥራ የሚይዝበት ሜሞሪ፣ 8 ጊጋ ይበቃል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑና በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን እዩ። ከሁለቱ ማስገቢያ ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል። አንዱ ብቻ ከተያዘ ደስ ይበላችሁ፤ በኋላ ሌላ መጨመር ይቻላል። የሚገባበት ግን የላፕቶፕ ራም ነው፤ የትልቁን ዴስክቶፕ ራም ገዝታችሁ እንዳትመለሱ።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው። እንደገና አስነሡትና ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ 1 እየደጋገማችሁ ተጫኑ። ባዮስ፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ፣ ይከፈታል። ፓስዎርድ ከጠየቀ የድሮው መሥሪያ ቤት ቆልፎት ሄዷል ማለት ነው። «እናስከፍትልሻለን» ቢሏችሁ ከፍተው እስኪያሳዩ ብር አትክፈሉ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄዶ ካገኛችሁት ግን አትሽሹ፤ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት፣ ትቀየራለች።

የቢሮ ዕቃ ስለሆኑ ዋይፋይ የሌላቸው ብዙ ናቸው። ከስልካችሁ ሆትስፖት ከፍታችሁ እዚያው ሞክሩ። ከኋላም እዩት፤ አንዳንዱ ያለው ዲስፕሌይ ፖርት የሚባለው የስክሪን መሰኪያ ብቻ ስለሆነ ለቤታችሁ ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን ኮንቨርተር ይፈልጋል። የመብራት አዳፕተሩ (ቻርጀሩ) የራሱ ይሁን፤ እህቴ የገዛነውን ከየትም በተገኘ ቻርጀር ስትጠቀም በየሰዓቱ ይጠፋባት ነበር።

ከተረፋችሁ ብር ለዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ለሚያቆየው ባትሪ፣ ያዙ። ዴስክቶፑ ላፕቶፕ አይደለም፣ የራሱ ባትሪ የለውም። መብራት ሲጠፋ ሦስት ሰዓት ሙሉ የመዘገብኩት የሒሳብ ቫውቸር አብሮ ይሄዳል። ትንሹ ዩፒኤስም ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ፋታ ይሰጣል። ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ፤ በራሱ እንዳይነሣ አድርጉት። እኛ ሰፈር መብራት ከመጣ በኋላ ሁለት ሦስቴ ሳይሄድ ሳይመጣ አይረጋም። እሱ እስኪረጋ እኔ ቡናዬን አፈላለሁ።