የድሮ መስኮት ልትቀይሩ ነው? አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አታዝዙ

እንደ ከዚራ ባሉ የድሬዳዋ የቆዩ ሰፈሮች የእንጨት መስኮት አውጥታችሁ በአልሙኒየም ልትተኩ ካሰባችሁ ይህቺን ያዙ። በቆየ ግድግዳ ላይ ልስን በልስን ስለሚደራረብ ክፍተቱ ከላይ ሰፍቶ ከታች ሊጠብ ይችላል። አዲሱ ፍሬም አልገባ ሲል ደግሞ ግድግዳው በመዶሻ ይጎዳል፤ ያሳዝናል።

ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ ቁመቱንም ከግራ፣ ከመሃልና ከቀኝ ለኩ። ከየሦስቱ ትንሹን ወስዳችሁ 1 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ፤ ለባለሙያው የምትሰጡት ልክ ይኸው ነው። ቀጥሎ ሜትሩን ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ዘርጉት። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልመጡ ክፍተቱ ተንጋዷል ማለት ነው፤ ከ1 ሳንቲ ሜትሩ ሌላ ትንሽ ቀንሱ፣ ስትገጥሙም ውሃ ልኩን እንጂ የግድግዳውን ጠርዝ አትመኑ።

ዙሪያውን የሚቀረው ክፍተት ጥቅም አለው። አልሙኒየም በሙቀት ይለጠጣል፤ 1.5 ሜትር የሚረዝም ፍሬም ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በድሬ ፀሐይ ጥርቅም አድርጋችሁ በሲሚንቶ ከደፈናችሁት ልስኑ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። በሚረጭ የክፍተት መሙያ ፎም ሙሉት፣ ከውጭ በሲሊኮን ዝጉት። ፎሙ ተጋልጦ አይቅር፤ ፀሐይ ያፈረፍረዋል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ላለ ቤት ግን ይህን አትሞክሩ። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ መስኮቱን ከመንካታችሁ በፊት የቅርስ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። እንጨቱ ካልበሰበሰ ደግሞ አስጠግኑት።