የፖርቶመጋላዬን ፉጨት እንዴት ዝም አሰኘሁት

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ስነዳ፣ ፍጥነቱ 80 ሲደርስ ከመኪናዬ ጣሪያ እንደ ዋሽንት ያለ ድምፅ ይወጣ ነበር። ቀነስ ሳደርግ ጭጭ። የበር ላስቲክ መስሎኝ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ጣርማ በር ቆሜ ፖርቶመጋላውን ስዳስስ ግን፣ በአግዳሚው ብረት ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍት ቦይ አገኘሁ፤ ሽፋን ላስቲኩ ወድቋል።

ነፋሱ የቦዩን የፊት ጠርዝ ሲያልፍ ይሽከረከራል፤ ሽክርክሪቱ ከኋላው ጠርዝ ጋር ይላተማል፤ የተፈጠረው ድምፅ ወደ ፊት ተመልሶ ሌላ ሽክርክሪት ይቀሰቅሳል። ዙሩ ሲገጥም ያፏጫል። የአየር ፍሰት ተመራማሪው ሮሲተር በ1964 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለአውሮፕላን ክፍተቶች በቀመር አስቀምጦታል።

ከአሮጌ ጎማ ቀጭን ላስቲክ ቆርጬ፣ ከብረቱ ጋር እኩል እስኪሆን ቦዩን ሞላሁት። እስከ ደብረ ሲና ፉጨት የለም። ላስቲክ ያጣ ሰው ብረቱ ላይ ገመድ አራርቆ ይጠምጥም፤ ሽክርክሪቱን ይበታትነዋል።