ራቢትን ስታነቡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

መጽሐፉን ያዋስኩት ሰው ሁሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ። «ይሄን ባለጌ እስከ መጨረሻው ልከተለው ነው?» አዎ፣ እስከ መጨረሻው። ግን አንባቢ የሚሰናከልባቸውን ቦታዎች ልንገራችሁ። በአንዲት ትንሽ የንባብ ቡድን ውስጥ ስለዚህ ሰውዬ ለዓመታት ስንከራከር የለቀምኳቸው ናቸው።

ለማታውቁት፣ አሜሪካዊው ደራሲ ጆን አፕዳይክ «ራቢት» በሚል ቅጽል ስም ስለሚጠራው ሃሪ አንግስትሮም አራት ልቦለዶች ጽፏል። በ1960፣ በ1971፣ በ1981 እና በ1990 ታተሙ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሃሪ በትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ኮከብ ነበር። በ26 ዓመቱ ግን ፔንስልቬንያ ውስጥ የአትክልት መላጫ እያሳየ የሚሸጥ ተራ ሰው ነው። አንድ ምሽት ልጁን ከራሱ እናት ቤት ሊያመጣ ይወጣል። በዚያው መኪናውን አስነሥቶ፣ እርጉዝ ሚስቱን ትቶ ይሄዳል።

ቅጽል ስሙን በተረት ዓይን ማየት። ራቢት ጥንቸል ነው፤ እኛ ደግሞ ብልጥ ጥንቸል ለምደናል። ይሄኛው ብልጥ አይደለም። ስሙ የወጣለት ከፊቱ ነው፤ ሰፊ ነጭ ፊት፣ ፈዛዛ ሰማያዊ ዓይን፣ ከአፍንጫው ሥር የሚርገበገብ ነገር።

ከሦስተኛው መጽሐፍ መጀመር። ሦስተኛውና አራተኛው የፑሊትዘር ሽልማት ስላገኙ ብዙ ሰው ወደዚያ ይዘላል። አትዝለሉ።

«ራቢት ማለት አሜሪካ ነው» ብሎ መነሣት። ይህን ስህተት ከመጠን በላይ ስላየሁት ረጋ ብዬ መናገር ያቅተኛል። አንባቢው ገና ሽፋኑን ሳይገልጥ መልሱን ይዞ ይመጣል። መሸሹ የሃምሳዎቹ መታፈን ነው ይላል። ቤቱ መቃጠሉ የስድሳዎቹ ቀውስ፣ ቶዮታው የጃፓን መነሣት፣ የልቡ ሕመም የአገሪቱ መድከም። ሁሉም ልክ ይመስላል። ሰውየው ግን የለም!

እኔም እንደዚህ አስተምሬ አውቃለሁ። ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ የሃሪን ሕይወት፣ በቀኝ የአሜሪካን ታሪክ ጻፍኩና በቀስት አገናኘኋቸው። ተማሪዎቹ በትጋት ገለበጡ። ፈተና ላይ ያንኑ መለሱልኝ። ስለሞተችው ሕፃን አንድም ሰው አልጻፈም። የመጀመሪያው መጽሐፍ ልብ እሷ ናት። ሃሪ እንደገና ጥሏት ሲሄድ ሚስቱ ጃኒስ ትጠጣለች፤ ሰክራ ስታጥባት አራስ ልጇ ገንዳ ውስጥ ከእጇ ታመልጣለች። ያንን ገጽ ቀስት አያገናኘውም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታዲያ አሜሪካን የሚያሳየን መስታወት የት አለ? ሥራውንና ኪሱን ተከተሉ። በ1959 መላጫ ይሸጣል። ቴሌቪዥን ላይ የልጆች ፕሮግራም ሲያይ እንኳ አቅራቢው ሰውን እንዴት እንደሚያግባባ ለሥራው ያጠናል። በ1969 ከአባቱ ጋር ማተሚያ ቤት ውስጥ ሊኖታይፕ በሚባል ማሽን ላይ ፊደል ይለቅማል፤ ኦፍሴት የሚባለው አዲስ የኅትመት ዘዴ ሲመጣ ከሥራ ይባረራል። በ1979 ቶዮታ ሻጭ ነው። የኢራን አብዮት ነዳጅ አስወድዶ በየማደያው ወረፋ ሲያሰልፍ፣ ነዳጅ ቆጣቢዋ የጃፓን መኪና ሀብታም ታደርገዋለች። ያውም ድርጅቱ የሚስቱና የአማቱ ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ ልጁ ኔልሰን የድርጅቱን ገንዘብ በኮኬይን ይጨርሰዋል፤ ቶዮታም ውክልናውን ይነጥቃቸዋል። ሃሪ ይህን ሁሉ «ታሪክ» ብሎት አያውቅም። ለእሱ ደመወዝ ነው፣ ዕዳ ነው፣ የአማት ፊት ነው።

በአራተኛው መጽሐፍ የነጻነት ቀን ሰልፍ ላይ አንክል ሳምን፣ ማለትም አሜሪካን የሚወክለውን ጢማም ሽማግሌ፣ ሆኖ ይለብሳል። «ይኸው፣ አሜሪካ መሆኑ ተረጋገጠ!» የሚሉኝ አሉ። እባካችሁ በዚያ ልብስ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ተመልከቱት። ወፍሯል፣ ልቡ ታሟል፣ የለጠፈው ጢም እንዳይወድቅበት ይጨነቃል።

ሬዲዮውን መዝለል። በሸሸባት ሌሊት መኪናው ውስጥ ዘፈን፣ ማስታወቂያ፣ ዜና ይንጫጫል። የቲቤቱ መንፈሳዊ መሪ ዳላይ ላማ የት ገቡ የሚል ዜና አለ፤ መጋቢት 1959 ነውና ከቲቤት እየሸሹ ነው። እሱም እየሸሸ ነው። ደራሲው ይህን አያብራራም። የዘለለ አንባቢ አያገኘውም።

መሸሹን ነጻነት ነው ማለት። በዚያችው ሌሊት አንድ ነዳጅ ማደያ የሚሠሩ አዛውንት የትም ለመድረስ አስቀድሞ መድረሻን ማወቅ ያስፈልጋል ይሉታል። ይናደድባቸዋል። ዌስት ቨርጂኒያ ላይ መንገዱ ይጠፋበታል፣ ካርታውን ቀዳዶ ይጥላል፣ ወደመጣበት ይመለሳል። ታክሲ የሚነዳ አንድ የቡድናችን አባል ይህን ክፍል ሲያነብ ዝም ብሎ ቆየና «የሚጠብቀው ሰው ያለው እንዲህ አይነዳም» አለ። እኔ ግን የሚጠብቁት ስላሉ ነው እንዲህ የነዳው እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።

የሃሪን ዓይን ማመን። ሁለተኛው መጽሐፍ ከባድ ነው። ሃሪ የቬትናምን ጦርነት ይደግፋል፣ መኪናው ላይ ባንዲራ ለጥፏል፣ ስለ ጥቁሮች የሚያስበው ያስቆጣል። አንዲት ነርስ አባላችን መጽሐፉን መሃል ላይ ዘጋችው። መቆጣቷ ትክክል ነበር። ግን ትንሽ እንድትቀጥል ለመንኳት። ሚስቱ ትታው ስትሄድ ሃሪ ከሀብታም ቤት የኮበለለች ወጣት ነጭ ልጅን ጂልን፣ ቀጥሎም ስኪተር የሚባል ከቬትናም የተመለሰ ጥቁር ወታደርን ቤቱ ያስገባል። ስኪተር ከባርነት ያመለጠውን የፍሬድሪክ ዳግላስን ጽሑፍ ሃሪ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያደርገዋል። ጎረቤቶች መጥተው ያስጠነቅቁታል። ከዚያ ቤቱ ይቃጠላል፤ ጂል ውስጥ ትሞታለች። ተራኪው ሃሪን ነጻ አያወጣውም፤ እናንተም አታውጡት።

ሴቶቹን በተመለከተ ደራሲውንም እከሰዋለሁ። ብዙ ገጽ ላይ ሴት ማለት ሃሪ ያየው አካል ብቻ ትሆናለች። ስለዚህ የገንዳው ትዕይንት በጃኒስ ዓይን መተረኩን ልብ በሉ። እዚያ ጋ ፍጥነታችሁን ቀንሱ።

የመጨረሻውን መጽሐፍ ጨርሶ መዝጋት። ፍሎሪዳ ውስጥ 56 ዓመት ያለፈው፣ ልቡ የደከመ ሰው ከአንድ ጥቁር ልጅ ጋር ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ይወድቃል። ያን ስትጨርሱ የ1960ውን መጽሐፍ መልሳችሁ ክፈቱ፤ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ይበቃል። ሱፍ የለበሰ ወጣት ከሥራ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው። ልጆች ጠባብ መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ቆሞ ያያቸዋል። ማንም አልጠራውም። ኮቱን አውልቆ ይገባል።