በተረት ሳምንት ዕቅድ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆችን ለሚያስተምር ሰው፣ አንድ የታወቀ ተረት ይዞ የሳምንት ሥራ እንደማቀድ ደስ የሚል ነገር የለም። ልጆቹ ተረቱን ይወዱታል፤ እኛም እንወደዋለን። ታዲያ ዕቅዱ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ መምህሩ ስለሰነፈ አይደለም። ሲቆርጥና ሲለጥፍ አምሽቶ፣ ልፋቱ ከተረቱ ጋር ሳይገናኝ ስለሚቀር ነው። እኔም ለዓመታት እንዲህ ደክሜያለሁ። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

ለምሳሌ እንዲሆነን የሦስቱን ድቦች ተረት እንያዝ። አባት፣ እናትና ልጅ ድብ ገንፏቸው እስኪበርድ ድረስ ጫካ ውስጥ ሊንሸራሸሩ ይወጣሉ። አንዲት ወርቃማ ጸጉር ያላት ልጅ ማንም የሌለበትን ቤታቸውን ከፍታ ትገባለች። ከሦስቱም ሳህን ትቀምሳለች። ሦስቱም ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ትንሹን ትሰብረዋለች። በመጨረሻ ትንሹ አልጋ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ድቦቹም ይመለሳሉ።

ተረቱን ለጌጥ ብቻ መጥራት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ሌሎቹም ብዙዎቹ ከዚህ ይወለዳሉ። ዕቅዱ እንዲህ ይመስላል፦ ሰኞ ተረቱ ይነበባል። ማክሰኞ የወረቀት ድብ ይቆጠራል። ረቡዕ «ድ» ፊደል ይጻፋል። ሐሙስ የድብ ሥዕል ከለር ይቀባል። ዓርብ ስለ ድብ ይዘፈናል። ሲያዩት ሞልቶ የተረፈ ዕቅድ ነው።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለኝ። ድቡን አውጥታችሁ በምትኩ ጥንቸል አስገቡ። ሥራው ምንም ካልተለወጠ፣ ተረቱ እዚያ ውስጥ የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ከማቀዳችን በፊት ተረቱን ራሱን ቁጭ ብለን እንየው። ምን አለበት? ሦስት ድቦች፣ ሦስት ሳህኖች፣ ሦስት ወንበሮች፣ ሦስት አልጋዎች። ሁሉም በመጠን ተራ የተደረደሩ ናቸው፤ ትልቁ ለትልቁ፣ ትንሹ ለትንሹ። ይህ ዋና የሒሳብ መሠረት ነው። ነገሮችን በመጠን ቅደም ተከተል መደርደር የሥነ ልቦና ሊቁ ዣን ፒያዤ በልጆች ላይ በጥንቃቄ ካጠናቸው ችሎታዎች አንዱ ነው።

የሦስት ዓመት ልጅ ትልቁንና ትንሹን ቶሎ ይለያል። የሚያስቸግረው መካከለኛው ነው። ለምን ቢባል፣ መካከለኛው በአንድ ጊዜ ከአንዱ ይበልጣል፣ ከሌላው ደግሞ ያንሳል። አንድ ልጅ መካከለኛውን ሳህን ይዞ ቆሞ አይቻለሁ። ከትልቁ ጎን አስጠግቶ «ትንሽ ነው» አለ። ከትንሹ ጎን ወሰደውና «ትልቅ ነው» አለ። ከዚያ ሳህኑን እንደ አዲስ ነገር አተኩሮ አየው። በወረቀት ላይ የታተሙ ድቦች ይህን አይሰጡም። እውነተኛ ሳህን፣ እውነተኛ ማንኪያ፣ የትልቅ ሰውና የልጅ ካልሲ አምጡ። ዕቃው በእጅ ሲያዝ ልጁ ራሱ ይደርስበታል።

ከዚህም የሚያስገርም ነገር በገንፎው ውስጥ ተደብቋል። አብዛኞቻችን በምናውቀው አተራረክ የአባትየው ገንፎ በጣም ይሞቃል፣ የእናትየው በጣም ይቀዘቅዛል፣ የትንሹ ድብ ልክ ነው። ግን ቶሎ መቀዝቀዝ የነበረበት ጥቂት ገንፎ ያለበት ሳህን አልነበረም? ታዲያ የእናትየው እንዴት ቀደመ?

ይህን ለአምስት ዓመት ልጆች አቀረብኩት። ሦስት ሳህን ላይ ለብ ያለ ውኃ ቀዳን፤ እጅ የሚያቃጥል አይደለም። በየተወሰነ ደቂቃ ጣታቸውን እየነከሩ አወዳደሩ። ትንሹ ቀድሞ በረደ። «ተረቱ ተሳስቷል» አለ አንዱ። ሌላዋ ትንሽ አሰበችና «የእናትየው ቀድሞ ወጥቶ ይሆናላ» አለች። አንዱ ደግሞ «ሳህኗ ዝርግ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ሰፊና ዝርግ ሳህን ላይ የተዘረጋ ነገር ብዙ አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይበርዳል። በማግስቱ በዝርግ ሳህን ደገምነው። ያ ሥራ ከድብ ጋር ነው የተወለደው፤ ጥንቸል ብታስገቡበት አይሠራም።

ወንበሩም እንደዚያው ነው። ትንሹ ድብ ወንበሩ ተሰብሮበታል። በእንጨት ብሎክ ወይም በካርቶን አዲስ ይሥሩለት። ፈተናው ግልጽ ነው፦ አሻንጉሊት ድብ ሲቀመጥበት ይቆማል ወይስ ይወድቃል? ሲወድቅ መምህሩ እንዳያርመው። ልጆቹ እግሩን ያሰፉታል፣ ከታች ያደላድሉታል፣ ደግመው ያስቀምጡታል።

አንድ ጊዜ አንብቦ ወደ ሥራ መሮጥ

አዋቂ ሰው ተረቱን ስለሚያውቀው ለልጁም አንድ ጊዜ የሚበቃ ይመስለዋል። ልጅ ግን በመጀመሪያው ቀን የሚይዘው ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለውን ነው። ቃላቱን፣ ቅደም ተከተሉን፣ የትንሹን ድብ ስሜት የሚይዘው ሲደጋገም ነው። ልጆች «ድገሚልን» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብላችሁ ተርኩ። ጥያቄ አታስገቡ፣ የቃል ትርጉም ላይ አትቁሙ። በሁለተኛው ቀን በዕቃና በአሻንጉሊት እያሳያችሁ ተርኩ። በሦስተኛው ቀን የሚደጋገመው ቦታ ላይ ስትደርሱ ዝም በሉ። «ማነው ገንፎዬን የ...» ስትሉ ክፍሉ በሙሉ ይጨርስላችኋል።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ይህን ተረት እንግሊዛዊው ገጣሚ ሮበርት ሳውዚ እ.ኤ.አ. በ1837 ሲያሳትመው የትልቁ ድብ ንግግር በትልልቅ ፊደል፣ የትንሹ በትንንሽ ፊደል ነበር የታተመው። ያንኑ ሰፊ ወረቀት ላይ አድርጉት። «ማነው ገንፎዬን የቀመሰው?» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጻፉት፤ አንዱን በጣም ትልቅ፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ደቃቃ። ከዚያ በጣታችሁ እየጠቆማችሁ አብራችሁ «አንብቡ»። አንድ ፊደል የማያውቁ ልጆች ትልቁ ላይ ይጮሃሉ፣ ትንሹ ላይ ያንሾካሹካሉ። ጽሑፍ ድምፅን እንደሚይዝ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ንባብ ከዚያ ይጀምራል።

ጥያቄን ፈተና ማድረግ

«ስንት ድቦች ነበሩ?» «ሦስት!» አለቀ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚፈትነው ማስታወስን ብቻ ነው፤ የሚመልሱትም ሁልጊዜ እነዚያው ደፋር ልጆች ናቸው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ግሮቨር ኋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ አዋቂው ክፍት ጥያቄ እየጠየቀና የልጁን መልስ እያሰፋ ሲያነብ የልጁ ቋንቋ ይበልጥ እንደሚያድግ አሳይተዋል። ነገሩ ለመናገር ቀላል ነው። «ትንሹ ድብ ወንበሩን ሲያይ ምን ብሎ ያሰበ ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጠብቁ። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ዝምታው ለእናንተ ይረዝማል እንጂ ለልጁ አይረዝምም። «ወንበር ተሰበረ» ካለ «አዎ፣ ትንሹ የእንጨት ወንበሩ ስብርብሩ ወጣ» ብላችሁ አስፍታችሁ መልሱለት።

ሃያ ተመሳሳይ ድቦች

መምህርቷ ሃያ ራስ፣ አርባ ጆሮ፣ አርባ ዓይን ቆርጣ ታመጣለች። ልጆቹ ኮላ ይቀባሉ። ጆሮ ሆድ ላይ የለጠፈ ልጅ ካለ እጇ ሳይታወቃት ይሄድና ታስተካክለዋለች። ግድግዳው ላይ ሃያ ድብ ይሰቀላል፤ ሃያውም የእሷ ናቸው።

ልጆቹ መቀሱን ራሳቸው ይያዙት። ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ካርቶን፣ ክርና ኮላ ጠረጴዛው ላይ ይሁን፤ ጥያቄውም «ትንሹ ድብ ከሽርሽር ሲመለስ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?» ይሁን። ለወላጅ አይን የማይሞላ ነገር ሊወጣ ይችላል። ከሥዕሉ ሥር ልጁ ያለውን ጻፉለት፤ «እያለቀሰ ነው፣ ለዛ ነው ሰማያዊ የሆነው» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ለወላጁ ከማንኛውም ቆንጆ ድብ የበለጠ ይነግረዋል።

ለአራት ልጅ ድራማ፣ ለአሥራ ስድስቱ ዝምታ

በተረቱ ውስጥ አራት ሰው ብቻ አለ። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሃያ ልጅ። ብዙ ጊዜ አራት «ጎበዝ» ልጆች ይመረጡና ንግግር ያጠናሉ፣ ሌሎቹ አርፈው እንዲቀመጡ ይነገራቸዋል። ለሦስት ዓመት ልጅ አርፎ መቀመጥ የሁሉ ከባዱ ሥራ ነው። ከዚያ «ልጆቹ አስቸገሩ» እንላለን።

ቃል ማስጠናቱን ተዉት። እናንተ ተርኩ፣ እነሱ ያድርጉት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ትልቁ ድብ ሆነው ይራመዱ፤ ወለሉ ይንቀጥቀጥ። ከዚያ ሁሉም ትንሹ ድብ ይሁኑ። ወደ ሚና ስንመጣ ደግሞ ሰው ያልሆነውም ሚና ነው። በር አለ፣ አልጋ አለ፣ ዛፎች አሉ። አንዴ በቡድን አፏን የማትከፍት ልጅ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ወንበሩን ልሁን?» አለችኝ። እጆቿን ዘርግታ በጉልበቷ ቆመች። ወርቃማ ጸጉሯን የምትጫወተው ልጅ ልትቀመጥ ስትጠጋ «ቋ!» ብላ ወለሉ ላይ ተበታተነች። ክፍሉ አጨበጨበ። ከዚያ ቀን በኋላ አምስት ልጅ ወንበር መሆን ፈለገ።

በቺካጎ ለብዙ ዓመታት ያስተማረችው ቪቪያን ፔሊ ልጆች የሚናገሩትን ታሪክ በቃላቸው ጽፋ እዚያው ቀን ክፍል ውስጥ ታስተውናቸው ነበር። ለእኛም ይሠራል። ተረቱን በደንብ ሲያውቁት የራሳቸውን አራተኛ ድብ ያመጣሉ። ይዘውት ሲመጡ «እንደዚያ አይደለም» አትበሉ።

ፍርሃትን ወይ ማጥፋት፣ ወይ ማጋነን

ቀይ ቆብ ያደረገችውን ልጅና ተኩላውን ስንተርክ ይህ ይብሳል። አንዳንዱ ተኩላውን ደግ ያደርገዋል፤ ተረቱ ባዶ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ጭምብል አድርጎ ያጓራል። የሦስት ዓመት ልጅ ከጭምብሉ ጀርባ መምህሯ እንዳለች ቢያውቅም ፊቷ ሲጠፋ ይደነግጣል። ጭምብሉን በእንጨት ላይ አድርጉና ፊታችሁ እየታየ ያዙት፤ ከዚያ ልጁ ራሱ ይያዘው። አስፈሪውን በእጁ የያዘ ልጅ ፍርሃቱን ያዝዘዋል።

መጨረሻውንም መምረጥ የእናንተ ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ባሳተመው አተራረክ ልጅቷ ተበልታ ታሪኩ ያበቃል። ጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች ግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጡት ግን አዳኝ ደርሶ ያወጣታል። ለትንንሾች ሁለተኛው ይሻላል። ከመኝታ በፊት ሳይሆን ጠዋት፣ ለመጫወትና ለመጠየቅ ጊዜ ባለበት ሰዓት ተርኩት።

«ከዚህ ምን ተማርን?»

ገና ተረቱ ሳያልቅ ምክሩን እንጨምራለን፦ ሰው ቤት ሳያንኳኩ አይገባም። ልክ ነው። ግን ልጆቹ ራሳቸው ሊደርሱበት አንድ እርምጃ ቀርቷቸው ሳለ ነጠቅናቸው። ተረቱ ደግሞ እንደ ድንጋይ የጸና አይደለም። በሳውዚ መጽሐፍ ውስጥ ቤቱ የገባችው ሴት ልጅ ሳትሆን አሮጊት ነበረች፤ ድቦቹም አባት፣ እናትና ልጅ አልነበሩም። ሌሎች ተራኪዎች ናቸው በኋላ የለወጡት።

ስለዚህ ከምክር ይልቅ ሥራ ስጧቸው። ለድቦቹ ደብዳቤ ያስጽፉ። እነሱ ይናገሩ፣ እናንተ ያሉትን ሳታርሙ ጻፉ። በእኔ ክፍል የተጻፈ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ይቅርታ። ርቦኝ ነበር። ወንበሩን አባቴ ይሠራዋል። በሩን ግን ለምን አልቆለፋችሁም?» ስለዚያ የመጨረሻ ጥያቄ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። የከፈተው ጥፋተኛ ነው ወይስ ያልቆለፈው? እኔ አልፈረድኩም።

ጥቃቅኖቹ

ገንፎ ልታበስሉ ከሆነ ወተት ወይም ስንዴ የማይስማማው ልጅ መኖሩን ከወላጅ በጽሑፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምድጃው ልጅ በማይደርስበት ይሁን። ለድብ ዓይን ዶቃ ወይም ትንሽ የልብስ ቁልፍ ለሦስት ዓመት ልጅ አትስጡ፤ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ያንቃል። ብዙ ሥራ መደርደርም አያስፈልግም፤ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ሥራ ይበቃል። ሥራ ሲበዛ ልጆቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጎተታሉ እንጂ አንዱም ውስጥ አይገቡም።

ዓርብ ማታ ሁሉን ጠርጎ ማንሳት

ሳምንቱ ሲያልቅ ሳህኑን፣ ወንበሩን፣ ድቦቹን ጠቅልለን መደርደሪያ ላይ እንሰቅላለን፤ ሰኞ ሌላ ተረት አለና። ልጆቹ ግን ተረቱን የራሳቸው የሚያደርጉት ያኔ ነው። አንድ ጥግ ላይ ለሌላ አንድ ሳምንት ተዉት፤ ማንም አያዝዛቸውም።

እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ዓርብ ዕቃውን ስሰበስብ ነው። ያ መካከለኛው ሳህን ያስቸገረው ልጅ እጄን ያዘኝ። «ገና አልተመለሱም» አለኝ። ሦስቱን ሳህኖች ከሣጥኑ አወጣ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደራቸው፣ መካከለኛውን መሃል ላይ አስተካክሎ አስቀመጠና ቁጭ ብሎ በሩን ማየት ጀመረ።